ዓይኔ መጀመሪያ የት አረፈ?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ላወራ የፈለግኩት እንደ እኔ በትርፍ ሰዓታቸው ፎቶ ለሚያነሱ ሰዎች ነው። አንዳችን የሌላችንን ፎቶ ስናይ ምን እንባባላለን?

አብዛኛውን ጊዜ «ያምራል!» ነው የምንባባለው። «እጅሽ ይባረክ»፣ «ምርጥ ነው» እንላለን፣ እናልፋለን። ምስጋና ደስ ይላል፣ ጀማሪንም ያበረታል። ግን ፎቶውን ያነሳችው ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ ካሜራዋን ስታነሳ ምን እንደምትደግም፣ ምን እንደምትተው አይነግራትም። «ይሄማ ፎቶ አይደለም» የሚለውም እንደዚያው ነው። አንዱ ያስደስታል፣ ሌላው ያስከፋል፤ ሁለቱም አያስተምሩም።

ይሉኝታችንም አለ። ሰውን በሰው ፊት ማረም ይከብደናል። እኔ ይሉኝታን እንደ ጠላት አላየውም። ለሰው ክብር ከማሰብ የመጣ ነው። ስለዚህ ጠንከር ያለ ነገር ካለኝ በውስጥ መስመር እጽፋለሁ፣ ወይም ቡና ላይ ስንገናኝ እናገራለሁ። ዝም ማለት ግን ክብር መስጠት አይመስለኝም።

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። በየዓመቱ ከጥምቀት በኋላ የጃንሜዳ ፎቶዎች ይጎርፋሉ። ነጠላ የለበሱ እናት በቅርብ ተነስተዋል እንበል። የካሜራው የብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት የተሠራ ነው። ፎቶውን የሞላው ነጭ ሲሆንበት ብርሃኑ የበዛ ይመስለዋል፣ ያጨልመዋል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ የእናትየው ፊት ደግሞ ይጠፋል።

«ጨለመ» ብሎ መጻፍ ይቻላል። እውነት ነው፣ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። እኔ እንዲህ ብል እመርጣለሁ፦ «ፊታቸውን ማየት ፈልጌ ነበር፣ ዓይኔ ግን ጥለቱ ላይ ቀረ። ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽኑን ወደ ፕላስ 1 ብታደርጊውስ? ወይ በስፖት ሜትሪንግ ፊታቸውን ብትለኪ? ነጠላው ደግሞ ነጭ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ሂስቶግራሙን እያየሽ።» ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽን ካሜራው ከመረጠው ብርሃን የምንጨምርበት ወይም የምንቀንስበት ማስተካከያ ነው፤ ስፖት ሜትሪንግ ብርሃኑን ከአንዲት ትንሽ ቦታ ብቻ መለካት ነው፤ ሂስቶግራም ደግሞ የፎቶው ጨለማና ብርሃን ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳይ ግራፍ ነው። አስተያየቴ ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት አለ፣ ቀጥሎ መላው። «ችሎታ የለሽም» የሚል ግን የለም።

እንዲያውም ጥፋቱ የእሷ ብቻ ላይሆን ይችላል። በፊልም ዘመን ላቦራቶሪዎች ቀለም የሚያስተካክሉት ሸርሊ ካርድ በሚባል ፎቶ ነበር። ካርዱ ላይ ለአሥርት ዓመታት የነበረችው ነጭ ሴት ናት። የጠቆረ ቆዳ በደንብ አይወጣም ነበር። መሣሪያው ማንን አስቦ እንደተስተካከለ ማወቅ ለጀማሪ ትልቅ እፎይታ ነው።

አስተያየት ከመስጠቴ በፊት የምጠይቀው ግን «ምን ልታሳዪ ፈልገሽ ነው?» ብዬ ነው። እስክስታ አስቡ። በ1/30 ሰከንድ ብታነሱት ትከሻው ይደበዝዛል፣ በ1/500 ቀጥ ብሎ ይቆማል። «ደብዝዟል» የሚል ሰው ስህተት ያየ ይመስለዋል። አንሺው ግን ያ ትከሻ እንዲንቀጠቀጥ ፈልጎ ሊሆን ይችላል። ያን ካወቅኩ ወሬያችን ይለወጣል፤ ፊቱ አብሮ መደብዘዙ ጠቅሞታል ወይስ ጎድቶታል ወደሚለው እንሄዳለን።

መቀበልስ? ይሄ ይከብዳል። ፎቷችንን ያሳየን እንደሆነ ወዲያው ማብራራት እንጀምራለን። ፀሐይዋ ከኋላ ነበረች፣ ሰው ገፋኝ፣ ባትሪው እያለቀ ነበር። ፎቶው ግን ወደ ሰው የሚሄደው ያለ እኛ ነው። ተመልካች ያ ሁሉ ታሪክ አይደርሰውም። ስለዚህ ለትንሽ ጊዜ ዝም ብሎ መስማት ይጠቅማል። ሁለት ሦስት ሰው ሳይመካከር ያንኑ ቦታ ከጠቆመ እዚያ አንድ ነገር አለ።

የተባለውን ሁሉ ተቀበሉ ግን አልልም። «ዋናውን ነገር መሀል አታድርግ» የሚል ምክር ሁላችንም ሰምተናል። ላሊበላ ሄዶ ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ የሚያነሳ ሰው መስቀሉን መሀል ቢያስቀምጠው ምን ይጎድላል? ሕንፃው ራሱ እንዲያ ነው የተፈለፈለው። ምክሩን አመስግኖ መተው ይቻላል።

አንድ ነገር ላይ ግን አልለሳለስም። ቤተ ክርስቲያን ደጅ የተቀመጡ ምስኪን እናት፣ ወይ መንገድ ዳር የተኛ ልጅ በፎቶ ሲመጣ ስለ ብርሃኑ አላወራም። መጀመሪያ «ፈቃድ ጠይቀሃል?» እላለሁ። እኚህ ሴት ራሳቸውን እንዲህ ሆነው በማያውቁት ሰው ስልክ ላይ ቢያዩ ምን ይላሉ? ይሄም የፎቶ አስተያየት ነው። ለእኔ ከፎከስም ከቀለምም ይቀድማል።

ከባለሙያ ጋር የመቀመጥ ዕድል ካገኛችሁ አትለፉት። ፎቶግራፈሯ አይዳ ሙሉነህ በ2010 እ.ኤ.አ. የመሠረተችው አዲስ ፎቶ ፌስት የሚባል የፎቶ ፌስቲቫል ላይ ፖርትፎሊዮን፣ ማለትም የተመረጡ ሥራዎችን ስብስብ፣ ለባለሙያ ማሳያ መድረክ ይዘጋጅ ነበር። ለዚያ ብሎ ከመቶ ፎቶ ጥቂቱን መምረጥ ራሱ ትምህርት ነው።

እስከዚያው በየግሩፓችሁ አንድ ነገር ሞክሩ። ፎቶ ስትልኩ «እንዴት ነው?» ብላችሁ አትላኩ። «ዓይናችሁ መጀመሪያ የት አረፈ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን ለእኔም ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው ክፍል ከፈቀዳችሁልኝ ጥቂቶቹን አነባለሁ። ደህና ሰንብቱ።