በሁለት ነጥቦች መሀል

እሺ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። አውራ ዶሮው ገና አልተነሣም፤ ሳይጀምር ቶሎ ቶሎ ልናገር።

ያለፈውን እሁድ ልነግራችሁ ነው። ሌላ ርዕስ አዘጋጅቼ ነበር፤ እሱን ተዉት፣ ሌላ ጊዜ።

አባባን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ይዣቸው ሄድኩ። ከቅዳሴ በኋላ ግቢው ውስጥ፣ ዛፎቹ ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። በመቋሚያቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። ከዚያ ሳያዩኝ፣ «ያኔ የበደልኩሽ እኔ ነኝ» አሉ።

በቃ ይኼው ነው። የ4 ዓመቱን ነገር ታውቁታላችሁ፣ አልደግመውም።

ማታ ቤት ገብቼ አፑን ከፈትኩ። ስሜቴን እከታተልበታለሁ ያልኳችሁ የእጅ ሰዓት፣ ከፒያሳ የገዛሁት። በኛ 3 ከ40 ላይ አንድ ነጥብ አለ፣ የልብ ምቴ በደቂቃ 66። 3 ከ50 ላይ ሌላ ነጥብ፣ 64። ሥሩ አረንጓዴ ነው፣ ውጥረት የለም ይላል። አባባ የተናገሩት በሁለቱ መሀል ነው። ከዚያ በፊት፣ ከባጃጅ ወርደን ዳገቷን ስንወጣ ግን 121። እዚያ ላይ ቀይ አድርጎ ጭንቀት ብሎኛል። ዳገት እኮ ነው! ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ያልፋል፤ ዳገት የወጣ ሰው ሁሉ ልቡ ይመታል።

ተናደድኩ። እንቅልፍም አልወሰደኝ። ተነሥቼ ማንበብ ጀመርኩ።

ሰዓቱ ልብን አያይም። ከሥሩ ያቺ አረንጓዴ መብራት አለች አይደል? ደም አረንጓዴ ብርሃን ይመጥጣል። ልብ በመታ ቁጥር እጃችን ላይ ደም ይጨምራል፣ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይቀንሳል። ሰዓቱ ያንን መቀነስ ነው የሚቆጥረው። እጅ ሲወዛወዝ ይሳሳታል። ማሰሪያው ሲላላ ይሳሳታል። ብርድ ሲሆን ደም ሥር ይጠብባል፣ የሚያየው ያጣል። የቆዳ ቀለምም ያንኑ ብርሃን ይመጥጣል፤ ምን ያህል ያሳስተዋል በሚለው ላይ ግን ጥናቶቹ አልተስማሙም። የኔ ዓይነቱ ርካሹ ደግሞ ባትሪ ለመቆጠብ በየ10 ደቂቃው ነው ብቅ የሚለው። በ10 ደቂቃ ውስጥ ሰው ስንት ነገር ይሆናል።

ማክሰኞ ሯጯን ጓደኛዬን ለመንኳት፤ ደረት ላይ የሚታሰረውን ቀበቶዋን አዋሰችኝ። እሱ የልብን ኤሌክትሪክ ነው የሚያነበው፣ እንደ ሐኪም ቤቱ ኢሲጂ። አይንቶቨን የሚባሉት ሰውዬ በ1924 በፈረንጆቹ ኖቤል የተሸለሙበት ነገር ነው። ሁለቱንም አድርጌ ስቀመጥ እኩል ናቸው፣ የአንድ የሁለት ልዩነት ነው። ደረጃ ስወጣ ቀበቶው 131 ሲል ሰዓቱ ገና 98 ላይ ነበር። ዘግይቶ ደረሰ።

«ውጥረት» የሚለው ቁጥር ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የሚወጣው በምትና በምት መካከል ካለው ጊዜ ነው። ልብ እንደ ግድግዳ ሰዓት እኩል አይመታም፤ አንዴ 950 ሚሊ ሰከንድ፣ አንዴ 1,040። ያንን በእጅ ላይ በብርሃን፣ እየተንቀሳቀሱ መለካት... በርካሽ ሰዓት አይሆንም።

ስለዚህ ተሳስቷል ብዬ ተገላገልኩ። እፎይ አልኩ፣ እውነቴን ነው።

ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር አነበብኩ። ሰው አንድን ነገር በሙሉ ልቡ ሲያዳምጥ የልቡ ምት ቀነስ ይላል። ለአፍታ። ጆሮውን ቀና ሲያደርግ።

እንግዲያው 64ቱ ልክ ቢሆንስ? ተረጋግቼ ሳይሆን እየሰማሁ ቢሆንስ? አላውቅም። ምርጡ ቀበቶ እንኳ ልብ ፈጠነ፣ ልብ ቀዘቀዘ ነው የሚለው። ደስታም ያፈጥነዋል፣ ድንጋጤም ያፈጥነዋል፣ ቡናም ያፈጥነዋል። የትኛው እንደሆነ አይለይም።

ደግሞ እኮ በዚያ ሰዓት ልቤ አልነበረም። ሆዴ ነው የባባው። እዚህ፣ ከእምብርቴ በላይ። እኛ ስናዝን አንጀታችን ነው የሚላወስ። እዚያ ላይ ምን ይታሰራል?

እ... ያልነገርኳችሁ አንድ ነገር አለ። ዝም ብዬ ልለፈው ብዬ ነበር።

አባባ «ያኔ የበደልኩሽ እኔ ነኝ» ሲሉ እጄን አየሁ። ሰዓቱን። ስንት ይላል ብዬ። ለወራት የለመድኩት ነገር ነው፣ አንድ ነገር ሲሰማኝ ዓይኔ ወደ እጄ ይሄዳል። 66 ይላል። ቀና ስል አባባ እያዩኝ ነው። እኔን ሳይሆን እጄን።

«ቸኮልሽ እንዴ?» አሉኝ።

«ኧረ አልቸኮልኩም አባባ።»

«አይ፣ ፀሐዩም በርትቷል» ብለው መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ። እኔም ተነሣሁ። እጃቸውን ያዝኩ። ቀዝቃዛ ነበር፣ በዚያ ፀሐይ። እስከ ባጃጁ ስለ ጤፍ ዋጋ አወራን።

4 ዓመት ጠብቄ... ሰዓት አየሁባቸው። እሳቸው ስንት ቀን ሲያብላሉት ከርመው ይሆናል፣ ከቤት ሲወጡ ዛሬ እላታለሁ ብለው ይሆናል፣ እኔ ደግሞ...

ልንገራቸው? «አባባ፣ የልቤን ምት እያየሁ ነበር» ብል ምን ይገባቸዋል? ይገባቸው ይሆናል። ወይ የባሰ ይሆናል። ሯጯ ደውይላቸው ትላለች። በስልክ የሚባል ነገር አይደለም። እሁድ ድረስ ደግሞ...

ሰዓቱን አላወለቅኩትም፣ አሁንም እጄ ላይ ነው። ለምን እንደሆነ እንጃ። አሁን ይኼን ሳወራ 88 ይላል። ማሰሪያው ላልቶም ሊሆን ይችላል።

ይኸው፣ አውራ ዶሮው ተነሣ። ቆይ መስኮቱን ልዝጋ...