እምቢ ሲሏት የማትሰማው ሴትዮ

እንደምን ዋላችሁ እናቶች አባቶች፣ ቬስታችሁን ለብሳችሁ ከፊት የተደረደራችሁ ልጆችም እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ማርች 12 የገርል ስካውት፣ ማለት የአሜሪካ የሴት ልጆች ስካውት ማህበር፣ ልደት ስለሆነ ስለ መስራቿ ትንሽ በይ ተብዬ ነው፣ አላስረዝምም።

ጁልየት ጎርደን ሎው በፈረንጆቹ 1860 አሜሪካ ጆርጂያ፣ ሳቫና ከተማ ውስጥ የተወለደች የሀብታም ልጅ ነች፣ ቤተሰቦቿ ዴይዚ ነው የሚሏት። አንዱን ጆሮዋን አሟት ህክምናው ራሱ አበላሸው፣ ሌላኛው ደግሞ በሰርጓ ቀን የሚበተነው ሩዝ ገብቶበት፣ አዎ ሩዝ፣ ሲያወጡት ተጎዳና እሱም መስማት አቆመ። ትዳሩም አልሆነላት፣ ባሏ ሌላ ሴት ይዞ ፍቺ ላይ እያሉ ሞተ፣ ኑዛዜው ሲከፈት ንብረቱ ለዛችው ሴት! ልጅም የላትም። እኛ ሰፈር ቢሆን ምስኪን ብለን ከንፈር መጠን ጨርሰን ነበር።

እሷ ግን በ1911 እንግሊዝ ሀገር የስካውቱን መስራች ቤደን ፓወልን አገኘችና በዓመቱ ሳቫና ተመልሳ በ51 ዓመቷ 18 ልጆች ይዛ ጀመረች። ሴቶች በመላ አሜሪካ የመምረጥ መብት ያገኙት እኮ በ1920 ነው፣ የሷ ልጆች ግን ቀድመው ካምፕ ይወጣሉ ባስኬትቦል ይጫወታሉ። ሁሉም ነገር ጥሩ ነበር ማለቴ አይደለም፣ በደቡብ አሜሪካ ግዛቶች፣ እዛ ጆርጂያ አካባቢ ማለቴ ነው፣ ጥቁር ልጆች ለመግባት ብዙ ዓመት ጠብቀዋል፣ ይሄንንም ልጆቻችን ይወቁት።

እኔ በጣም የምወድላት ግን ብር አሰባሰቧን ነው። መጀመሪያ የራሷን የሉል ሀብል ሸጠች። ከዛ ሰው ዘንድ ሄዳ አግዙኝ ትላለች፣ አይሆንም ሲሏት ጆሮዋን ሰበብ አድርጋ እንዳልሰማ ሆና አመሰግናለሁ ብላ ትቀጥላለች። አንዴም ለምሳ ተጠርታ ባርኔጣዋ ላይ ካሮትና ፓርስሊ ሰክታ ሄደች፣ ገንዘቤ ለስካውቶቼ ስለሆነ ባርኔጣ የማሳመርበት የለኝም አለቻቸው። እኛ እናቶች ደግሞ ልጃችን ግሮሰሪ በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግታ ኩኪ ግዙኝ ስትል ሰው ምን ይለናል ብለን መኪና ውስጥ እንደበቃለን። ተዉ እንጂ! ልጅቷ እኮ ሰው ፊት ቆማ መጠየቅ፣ ሂሳብ መያዝ፣ እምቢ ሲሏት አለማልቀስ እየተማረች ነው።

በሉ ኩኪው እዛ በሩ ጋ ነው። ጾም ነው የምትሉም ቲን ሚንት የሚባለው ኩኪ ወተትም ቅቤም የለውም፣ አጣርቻለሁ።