ሐውልት የሌላቸውን ኩዌከሮች በመዝገብ መፈለግ

የተከበራችሁ የቤተሰብ ታሪክ ፈላጊዎች፣

ኩዌከር፣ ማለትም «የወዳጆች ማኅበር» የተባለው የክርስቲያን ማኅበር አባል፣ የነበረ ቅድመ አያቱን እንግሊዝ አገር የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ መካነ መቃብሩ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ግን ሣር ብቻ ነው። የማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ በ1717 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የመቃብር ድንጋይን ከንቱ ልማድ ብሎ፣ የተተከሉትም እንዲነሡ አዘዘ። ትእዛዙ በሁሉም ቦታ ባይፈጸምም ተራ ድንጋይ በግልጽ የተፈቀደው በ1850 ነው። ስለዚህ ሐውልቱን ወረቀት ውስጥ ነው የምንፈልገው።

የቆዩት የልደት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገቦች ከ1840 ጀምሮ ለመንግሥት ተላልፈው፣ ዛሬ ለንደን ኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት «አር ጂ 6» በሚባለው ምድብ ይገኛሉ። ማኅበሩ ከማስረከቡ በፊት ያስጻፈው አጭር ቅጂ በለንደን ማእከሉ በፍሬንድስ ሃውስ ቤተ መጻሕፍት አለ። ቅጂው ለፍለጋ ይቀላል፤ የጋብቻ ምስክሮችን ስም ግን ትቷል። ስሙን በቅጂው አግኙ፣ ከዚያ ዋናውን ክፈቱ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀኑ ላይ ነው። ኩዌከሮች የወራትን ስም የጣዖት ስም ነው ብለው በቁጥር ይጠሩ ነበር። እስከ 1751 ድረስ አንደኛው ወር ማርች ነው፤ ዓመቱ ራሱ የሚለወጠው በማርች 25 ነበር። የማኅበሩ መሥራች ጆርጅ ፎክስ የሞተው በ11ኛው ወር 13ኛ ቀን 1690 ነው። ይህን «ኖቬምበር 1690» ብሎ የገለበጠ ሰው ሁለት ወር ይስታል፤ በዛሬው አቆጣጠር ዓመቱ 1691፣ ወሩም ጃንዋሪ ነው። ዓመቱ በመስከረም ለሚብትለት ለእኛ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንም! በ1752 ጃንዋሪ አንደኛ ወር ሆነ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ መጀመሪያ እንደተጻፈው ገልብጡ፣ ትርጉሙን ከጎኑ አስፍሩ፣ የመጀመሪያውን አትሰርዙ።

የቀብር መዝገብ ግን አባልነትን አያረጋግጥም። አባል ያልሆነም፣ የተወገደም በኩዌከር መሬት ይቀበር ነበር። ማንነቱን የሚነግራችሁ የወርኃዊ ጉባኤው፣ ማለትም የአካባቢው አባላት ጉዳያቸውን የሚያዩበት ስብሰባ፣ ቃለ ጉባኤ ነው። ከማኅበሩ ሥርዓት ውጭ በቄስ ፊት ያገባ፣ ዕዳውን ያልከፈለ፣ የሰከረ ሁሉ ስሙ እዚያ ይነሣል፤ ተጸጽቶ የጻፈው ደብዳቤም አብሮ ሊገኝ ይችላል። አንድ ቤተሰብ ድንገት ከመዝገብ ቢጠፋ ሞተ ብላችሁ አትቸኩሉ። መሸኛ ወስዶ ይሆናል። ልክ እንደ ቀበሌ መሸኛ፣ ከየትኛው ጉባኤ ወደ የትኛው እንደሄደ ይናገራል፤ የሚስትና የልጆች ስም ካለበት ደግሞ ሁለት ሞክሼዎችን ይለይላችኋል። መሸኛው አሜሪካ፣ ፔንሲልቬንያ ካደረሳችሁ በ1827 ማኅበሩ እዚያ ለሁለት መከፈሉን አትርሱ፤ ሂክሳይትና ኦርቶዶክስ የተባሉትን (ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጋር አይገናኝም) የሁለቱንም ጎራዎች መዝገብ እዩ። እዚያው ያሉት ስዋርዝሞርና ሃቨርፎርድ ኮሌጆች ሁለቱንም ጎራ የሚመለከት ሰፊ ክምችት አላቸው።

ሴት አያት ስትጠፋባችሁ ደግሞ የሴቶቹን ጉባኤ መዝገብ ጠይቁ፤ ከወንዶቹ ለብቻው ነው የተያዘው። ሙሽሪት ሌላ እጮኛ እንደሌላት የሚያጣሩት እነሱ ነበሩ። ጋብቻው ከጸና የምስክር ወረቀቱን ፈልጉ፤ የተገኘው ሰው ሁሉ ይፈርምበታል፣ ዘመዶች ብዙ ጊዜ ከሙሽሮቹ ስም በታች ባለው ዓምድ ይሰለፋሉ። የአባቷን የቤተሰብ ስም እዚያ ታገኙታላችሁ።