እጅጌው ተራውን ሲጠብቅ፦ የአድማጮች የሹራብ ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዝግጅታችን ከአንገት ተጀምሮ ያለ ስፌት በዙር ወደ ታች ስለሚሠራ ሹራብ ተነጋግረን ነበር። ከዚያ ወዲህ የደወላችሁልን አድማጮች አብዛኞቻችሁ የተቸገራችሁት አንድ ቦታ ላይ ነው። ብብት ላይ ሲደረስ የእጅጌው ቀለበቶች ከመርፌ ወርደው፣ ገላው ተሠርቶ እስኪያልቅ በሌላ ክር ላይ ይቆያሉ። ይህን ክር ማቆያ ክር እያልን እንቀጥል።

ከደብረ ብርሃን የደወሉ እናት፦ «ለልጅ ልጄ ነጭ ሹራብ ጀምሬ የእጅጌውን ቀለበቶች ቤት ውስጥ ባገኘሁት ቀይ ክር ላይ አቆየኋቸው። አሁን ክሩን ልስበው ብል ጠጉሩ ተጣብቆ አልወጣ አለኝ። በወጣበትም በኩል ቀይ ብናኝ ትቷል።»

እማማ፣ ከሁሉ በፊት መሳብዎን ያቁሙ። ቀዩ ክር በተጎተተ ቁጥር የሹራብዎ ቀለበትም አብሮት ይለጠጣል። ከሚሠሩበት መርፌ በግማሽ ወይም በአንድ ሚሊ ሜትር የሚቀጥን መርፌ ይያዙና፣ ቀዩ ክር እዚያው እንዳለ ቀለበቶቹን አንድ በአንድ መርፌው ላይ ያስገቧቸው። ይቁጠሯቸው። ቁጥሩ ልክ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ብቻ ቀዩን ክር በየሦስት በየአራት ቀለበቱ መሐል በትንሽ መቀስ እየቆረጡ ቁርጥራጩን በወረንጦ ያውጡት። ብናኙንም ሹራቡ ሳይረጥብ በወረንጦ ይልቀሙት፤ ቀይ ማቅለሚያ ውሃ ሲያገኝ ወደ ነጩ ሊዛመት ይችላል።

ማቆያ ክር በመጨረሻ ስለሚጣል ብዙዎች ሲመርጡት አይጨነቁም። እኔ ግን ከሹራቡ ክር እኩል ይታሰብበት እላለሁ፤ ቀለበቶቹ ለሳምንታት የሚውሉት የሚያድሩት እሱ ላይ ነውና። ጠጉር የሌለው ልሙጥ የጥጥ ክር ይሻላል። ከሹራቡ ክር ትንሽ ይቅጠን፤ ወፍራም ከሆነ ቀለበቱን ያሰፋዋል፣ እንደ ልብስ ስፌት ክር እጅግ ከቀጠነ ደግሞ ውስጥ ገብቶ ከዓይን ይሰወራል። ቀለሙ ከሹራቡ የተለየ ይሁን። ቀለም የሚለቅ እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ እርጥብ ነጭ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልሎ ጫን ማለት ይበቃል።

በርዝመቱም አይሰስቱ። ከ6 እስከ 9 ወር ላለ ሕፃን ስንሠራ ብብት ላይ 152 ቀለበት ደርሶልናል እንበል፦ ፊቱ 46፣ ጀርባው 46፣ እያንዳንዱ እጅጌ 30። በ10 ሳንቲ ሜትር 22 ቀለበት የሚገባ ከሆነ 30ው ቀለበት ወደ 14 ሳንቲ ሜትር ነው። እኔ ለዚህ 40 ሳንቲ ሜትር ማቆያ ክር እቆርጣለሁ። ጫፉ ደነዝ በሆነ መርፌ አሳልፌው ሁለቱን ጫፎች በቀላሉ በሚፈታ ቋጠሮ አስራለሁ። ትርፉ ሕፃኑን ለማልበስ ነው፤ ክሩ አጭር ከሆነ ክንዱን ያንቀዋል፣ ረጅም ከሆነ ግን እጁ እንደ ልብ ያልፍና ልኩን ገላው ሳያልቅ እናያለን።

ከአዲስ አበባ፦ «እጅጌውን መልሼ ስሠራ ብብቱ ሥር በግራም በቀኝም ቀዳዳ ይቀራል። የቆጠራ ስህተት ነው?»

የቆጠራ ስህተት አይደለም፤ የአሠራሩ ጠባይ ነው። ገላው ሲቀጥል ብብት ላይ አዲስ ቀለበት እንጨምራለን፤ በምሳሌአችን በየብብቱ 6፣ ስለዚህ ገላው 104 ይሆናል። ሲቆይ የነበረው 30 ቀለበት ከእነዚያ 6 ጋር በሚገናኝባቸው ሁለት ማዕዘኖች ላይ ክሩ ይለጠጥና ክፍተት ይፈጠራል። አዲሱን ክር ከብብቱ መሐል ይጀምሩ፤ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ጭራም ይተዉ። 6ቱን ሲያነሡ በየማዕዘኑ አንድ ተጨማሪ ቀለበት ያንሡ። ያኔ 38 ይሆናሉ። በሚቀጥለው ዙር እያንዳንዱን ተጨማሪ ቀለበት ከጎረቤቱ ጋር አንድ ላይ ሲሠሩት ወደ 36 ይመለሳሉ፣ ክፍተቱም ይዘጋል። የምታንስ ሽንቁር ብትተርፍ በተዉት ጭራ ከውስጥ በኩል ይጥቀሟት።

ከጎንደር፣ ተማሪ፦ «ወደ መርፌ የመለስኳቸው ቀለበቶች ተጠማዝዘው ጠበቡብኝ።»

እያንዳንዱ ቀለበት ሁለት እግር አለው። መርፌው ላይ ሲቀመጥ ቀኝ እግሩ ከፊት፣ ግራ እግሩ ከኋላ መሆን አለበት። አንተ አንዳንዱን ገልብጠህ አስገብተኸዋል። መፍታት አያስፈልግህም፤ የተገለበጠውን ስትደርስበት ከኋላ እግሩ በኩል ሥራው፣ ይቃናል። በመርፌ ቁልፍ ማቆየት ይቻላል ወይ ላልከውም፣ ለአምስት ለስድስት ቀለበት ይሆናል። ለእጅጌ ግን ግትር ስለሆነ ዙሩን ይወጥረዋል።

ከአሜሪካ ሚኒሶታ፦ «ጣት የሌለው የክረምት ጓንት እየሠራሁ ነው። የአውራ ጣቱን ቦታ በማቆያ ክር መተው ይቻላል የሚባለው እንዴት ነው?»

ይህ አሠራር በጣም ደስ ይለኛል፤ የእጁን ዙር ሳያቋርጡ ጣቱን በኋላ ለመሥራት ያስችላል። አውራ ጣቱ የሚወጣበት ቦታ ሲደርሱ፣ 9 ቀለበት ይበቃል ካሉ፣ 9ኙን በማቆያ ክሩ ይሥሯቸው። ከዚያ ወደ ግራ መርፌ መልሰው በጓንቱ ክር ደግመው ይሥሯቸውና ዙሩን ይቀጥሉ። እዚህ ላይ ቀደም ብዬ ያልኩት ይለወጣል፦ ማቆያ ክሩ ራሱ አንድ ረድፍ ስለሚሆን ውፍረቱ ከጓንቱ ክር ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ከቀጠነ ከላይና ከታች ያሉት ቀለበቶች ያንሳሉ። ጓንቱ ሲያልቅ ከማቆያው ረድፍ በታች 9፣ በላይ 8 ቀለበት በሁለት ቀጫጭን መርፌዎች ይያዙ፤ የተለየ ቀለም ያለውን ክር የሚያወጡት ከዚያ በኋላ ነው። ከላይ አንድ የሚያንሰው እነዚያ ቀለበቶች በ9ኙ መካከል ያሉት ስለሆኑ ነው። በሁለቱ ማዕዘኖች አንዳንድ ሲጨምሩ 19 ያገኛሉ፤ ለትልቅ ሰው ጣት ከሰፋ በመጀመሪያው ዙር ሁለቱን ይቀንሷቸው።