ቶሪ፦ የሽፍታ ስም የፓርቲ ስም ሲሆን

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

እዚህ ለንደን የምንኖር ሰዎች «ቶሪ» የሚለውን ቃል ሳንሰማ አንውልም። ወግ አጥባቂ ፓርቲ ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ከየት እንደመጣ ግን ብዙም አናነሳውም። ዛሬ እሱን ላጫውታችሁ።

ቃሉ የአየርላንድ ነው። ማሳደድ ከሚል የአይሪሽ ቃል የወጣ ሲሆን፣ ሽፍታ ማለት ነው። በ1649 የእንግሊዙ የጦር መሪ ክሮምዌል ጦሩን ይዞ አየርላንድ ገባ። ከዚያ በኋላ የካቶሊኮች መሬት በገፍ ተወረሰ። ለእንግሊዝ ወታደሮችና ለጦርነቱ ገንዘብ ላበደሩ ሰዎች ታደለ። መሬቱን ከተነጠቀው መካከል ዱር ቤቴ ያለ ብዙ ነበር። ጫካና ረግረግ ውስጥ እየተደበቀ አዲሶቹን ባለርስቶች ይዘርፍ ጀመር። ቶሪ የተባለው ይሄ ሰው ነው። እንደ ተኩላ፣ ገድሎ ጭንቅላቱን ላመጣ ሽልማት ይከፈል ነበር።

ይሄን ለእኛ ማስረዳት ቀላል ነው። እኛም ሽፍታ ስንል ቀማኛው ብቻ አይደለም ትዝ የሚለን። ተበድሎ፣ ፍርድ አጥቶ ጫካ የገባውም አለ።

ታዲያ ቃሉ እንዴት ፓርላማ ገባ? ከ1679 እስከ 1681 እንግሊዝ በአንድ ጥያቄ ተናወጠች። የንጉሥ ዳግማዊ ቻርልስ ወንድም ጄምስ ካቶሊክ ነበር፤ አገሩ ደግሞ ፕሮቴስታንት። ዙፋን ይውረስ ወይስ ይከልከል? ይውረስ ያሉትን ባላንጣዎቻቸው «ቶሪ» አሏቸው፤ የካቶሊክ ሽፍታ እንደማለት። እነሱም ዝም አላሉም። ይከልከል የሚሉትን «ዊግ» ብለው ሰደቧቸው። ያ ደግሞ የስኮትላንድ ፕሮቴስታንት አማፂዎች መጠሪያ ነበር። ሁለቱም ወገን የተሰደበበትን ስም ውሎ አድሮ የራሱ አደረገው። ይሄ ሁሌም ይገርመኛል።

ቃሉ ባሕርም ተሻገረ። በአሜሪካ አብዮት ጊዜ ለእንግሊዝ ንጉሥ የታመነ ሁሉ ቶሪ ይባል ነበር። ብዙዎቹ ወደ ካናዳ ተሰደዱ። ካናዳ ውስጥ ወግ አጥባቂዎቹ ዛሬም ቶሪ ናቸው።

እዚህ ደግሞ ፓርቲው በ1830ዎቹ ወግ አጥባቂ የሚለውን ስም ቢይዝም፣ የድሮው ቅጽል አልለቀቀውም። ጋዜጦች አጭር ስለሆነ ይወዱታል። አባሉ «ቶሪ ነኝ» ሲል ኮርቶ ነው። ተቃዋሚው ያንኑ ቃል ጥርሱን ነክሶ ይለዋል። ስለዚህ አማርኛ ስትተረጉሙ ማን እንደተናገረው፣ በምን ድምፅ እንደተናገረው አዳምጡ። ተቆጥቶ የተናገረውን ሰው «ወግ አጥባቂ» ብቻ ብሎ ማለፍ ቁጣውን መስረቅ ነው።

እኔ ቃሉን በሰማሁ ቁጥር፣ መሬቱን ተቀምቶ ረግረግ ውስጥ የሚያድረው አየርላንዳዊ ይታየኛል።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ።