አቤቱታ በር እንዳይስት

የተከበራችሁ የሀገር ሽማግሌዎች፣ እናቶች፣ ወጣቶች፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ ችላችሁ ከባሶና ወራና ቀበሌዎች በማለዳ የመጣችሁ ገበሬዎች፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታችሁ ሳትተኙ የገባችሁ የፋብሪካ ሠራተኞች፣ እንደምን አደራችሁ።

ስለ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሥራ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የአዋጅ ቁጥር ይደረደራል፣ ይጨበጨባል፣ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ በቅርቡ ከጸደቁት ሕጎች በቀጥታ ኪሳችሁ የገባው ነው። ሁለተኛው፣ ጉዳይ የገጠመው ሰው ወደ እኛ ወደ ተወካዮቹ ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት ነው። ሁለተኛው ረዘም ይላል፤ ታገሡን።

ከደመወዝ እንነሣ። በሐምሌ 2017 የጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ ግብር የማይነካውን የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አድርጎታል። ከ2,000 በላይ ያለው እስከ 4,000 ድረስ 15 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 7,000 ድረስ 20 በመቶ ይቆረጥበታል። ወደ ብር እንመንዝረው። 3,000 ብር ደመወዝ ያላት የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ በቀድሞው ስሌት 307 ብር ከ50 ሳንቲም ግብር ትከፍል ነበር፤ በአዲሱ 150 ብር ነው። 5,000 ብር ለሚከፈለው 697 ብር ከ50 ሳንቲም የነበረው 500 ብር ሆኗል። የደመወዝ ወረቀታችሁን አውጡና ከዚህ ቁጥር ጋር አስተያዩት። ካልገጠመ መጀመሪያ የሚጠየቀው የድርጅቱ የሒሳብ ክፍል ነው።

ጡረታ ከግብር የተለየ ነው፤ ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ሰው አለ። ከሠራተኛው መሠረታዊ ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው በራሱ 11 በመቶ ይጨምራል። በ3,000 ብር ሲሰላ የእሷ 210፣ የአሠሪዋ 330 ብር ነው። ሌላ ተቆራጭ ከሌለባት እጇ የሚገባው 2,640 ብር መሆን አለበት። ጉዳቱ የሚመጣው 210ሩ ከደመወዟ ተቀንሶ ለጡረታ ፈንዱ ሳይገባ ሲቀር ነው። ይህ በወሩ አይታወቅም፤ ከዓመታት በኋላ፣ ድርጅቱ ከተዘጋ ወይም ከተሸጠ ወዲያ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ዛሬውኑ እወቁ፤ የቅጥር ደብዳቤያችሁንና የደመወዝ ወረቀቶቻችሁን አትጣሉ። መዋጮው ገቢ መሆን አለመሆኑን የግል ድርጅቶች ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደርን መጠየቅ ይቻላል።

በጀትን በአጭሩ እንለፈው። ምክር ቤቱ ለ2018 ያጸደቀው የፌዴራል በጀት 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። የቀበሌያችሁ የጠጠር መንገድ ግን እዚያ ውስጥ በስሙ ተጽፎ አይገኝም። ይህ ወደ ዋናው ነገር ይወስደናል።

ከሚቀርብልን አቤቱታ ብዙው የሚቀረው ሰሚ አጥቶ ሳይሆን በር ስቶ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃን አልፎ ጣርማ በርን ወርዶ ወደ ደሴ የሚሄደው አስፋልት የፌዴራል ነው፤ ቢቦረቦር ሚኒስትሩን ምክር ቤት ውስጥ መጠየቅ እንችላለን። ከዚያ አስፋልት ተገንጥሎ ወደ ቀበሌ የሚገባው መንገድ የክልሉና የወረዳው ነው። መብራት፣ ቴሌ፣ ፓስፖርት፣ ፋይዳ፣ ጡረታ፣ ዩኒቨርሲቲ የፌዴራል ናቸው። የይዞታ ደብተር፣ ጤና ጣቢያ፣ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የገጠር ውኃ ወደ ወረዳና ወደ ክልል ምክር ቤት ተወካዮቻችሁ ይሄዳሉ። እነሱንም መርጣችኋል፤ ስማቸውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው።

ማዳበሪያ ሁለቱንም በር ይነካል፤ ስለዚህም ነው ሁልጊዜ የሚያጨቃጭቀው። ግዥው በፌዴራል ደረጃ ይፈጸማል፤ ከዚያ በኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን በኩል ወደ ገበሬው መሠረታዊ ማኅበር መጋዘን ይደርሳል፤ ከመጋዘኑ ወደ ገበሬው የሚያከፋፍለው ማኅበሩ ነው። «ማዳበሪያ ዘገየብን» ብቻ የሚል አቤቱታ ሲመጣ ሚኒስቴሩ «ልከናል» ይላል፣ ወረዳው «አልደረሰንም» ይላል፣ ጥያቄውም መሀል ላይ ይሞታል። ስንት ኩንታል ዩሪያ እንደተመዘገባችሁ፣ በየትኛው ቀን፣ ከፍላችሁ ከሆነ የደረሰኙ ቁጥር፣ ማኅበሩ «የለም» ያለበት ቀን ተጽፎ ሲመጣ ግን ዕቃው የት ላይ እንደቆመ መለየት ይቻላል። የዘር ወቅት ካለፈ በኋላ የመጣ አቤቱታ ለሪፖርት ይጠቅም ይሆናል እንጂ ለማሳው አይደርስለትም።

ወደ ደብዳቤው እንምጣ። አንድ ገጽ ይበቃል። አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዝ፤ የመሬትና የመብራት አቤቱታ በአንድ ወረቀት ሲጻፍ ሁለቱም ባለቤት ያጣሉ። ቀን፣ ሙሉ ስም፣ ቀበሌ፣ ስልክ። ከዚያ ምን እንደጠየቃችሁ፣ ማንን፣ በየትኛው ቀን፣ ምን መልስ እንደተሰጣችሁ። መጨረሻ ላይ ምን እንዲወሰንላችሁ እንደምትፈልጉ በአንድ ዓረፍተ ነገር። «ፍትሕ እንዲሰጠኝ» የሚለው ለማንም ሥራ አይሰጥም፤ «ቆጣሪ በዚህ ቀን ከፍዬ እስካሁን ስላልተተከለልኝ እንዲተከልልኝ» የሚለው ይሰጣል።

በሁለት ቅጂ አዘጋጁት። ለኃላፊው ጸሐፊ በእጅ አትስጡ፤ መዝገብ ቤት አስገቡት። በእናንተ ቅጂ ላይ ገቢ የተደረገበት ቀንና ቁጥር ይጻፍበት፣ ማኅተም ይረፍበት። ያ ቁጥር የሌለው ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል፤ «አልደረሰንም» ቢባል መከራከሪያ የላችሁም። እኛም ምክር ቤት ውስጥ ስንጠይቅ የምንይዘው ያንን ቁጥር ነው። ግልባጭ ለአሥር ቦታ መበተን ግን አይጠቅም። አሥሩም «ሌላው ያየዋል» ብለው ያስቀምጡታል።

መረጃ የተከለከለ ሰው አዋጅ ቁጥር 590/2000ን ይጥቀስ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። መጻፍ የማይችል ሰው በቃሉ መጠየቅ ይችላል፤ በጽሑፍ የሚያሰፍርለት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያው ነው። የወረዳችሁን በጀት ለማወቅ እንኳ ይህ መንገድ አለ።

መሥሪያ ቤቱ ቅሬታችሁን አይቶ ካልፈታው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ። ክፍያ አይጠይቅም። መጀመሪያ ግን በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለውን የቅሬታ መንገድ መጨረስ ያስፈልጋል፤ ፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይም አይቀበልም።

ስለ ፍርድ ቤት ደግሞ ይህን በደንብ ስሙን። ተወካይ ዳኛን ማዘዝ አይችልም፣ ፍርድ ማስለወጥም አይችልም። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ የተፈረደበት ሰው ይግባኝ ለማለት ያለው ጊዜ 60 ቀን ነው። ያንን ጊዜ በተወካይ ቢሮ በር ላይ ሲመላለስ ጨርሶ፣ በ61ኛው ቀን ወደ ፍርድ ቤት የሚሄድ ሰው አለ። ይህን ያህል የሚያሳዝን ነገር በዚህ ሥራ ላይ የለም። መጀመሪያ ይግባኙን አስገቡ።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር አለች፣ ስም። ልጅ ሲወለድ በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ ጋብቻና ሞት በ30 ቀን። በልደት ምዝገባ ላይ «ኃይለማርያም»፣ በትምህርት ማስረጃ ላይ «ሀይለ ማሪያም»፣ በይዞታ ደብተሩ ላይ «ኃ/ማርያም» የተባለ አንድ ሰው በወረቀት ሦስት ሰው ነው። ለእኛ ያው ስም ነው፤ ለኮምፒውተሩ ግን አይደለም። ባንክ ላይ፣ ውርስ ላይ፣ ጡረታ ላይ ይህ ጉዳዩን ያስቆማል። ፋይዳ ስትመዘገቡ፣ ምዝገባው ነጻ መሆኑን እያስታወስን፣ ስክሪኑን አሳዩኝ በሉ፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም የተጻፈውን ፊደል በፊደል አንብቡ። ማንበብ የማይችል ሰው ተማሪ ልጁን ይዞ ይሂድ። ከታተመ በኋላ ከማስቀየር እዚያው ማስተካከል ይቀላል።

ተወካያችሁን መቼ ታገኛላችሁ? ምክር ቤቱ ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30 ይሠራል፤ መደበኛ ስብሰባው ማክሰኞና ሐሙስ ነው። በመካከል የአንድ ወር ዕረፍት አለ፤ ያ ጊዜ የእናንተ ነው። የማይመጣ ተወካይ ካለ ደግሞ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መራጩ አመኔታ ያጣበትን ተወካይ ማንሣት እንደሚቻል ይናገራል። ይህን ከዚህ መድረክ ላይ መናገር ለተናጋሪው አይጣፍጥም፤ ተጽፏል ግን።

አሁን ወደ እናንተ እንምጣ። ደብዳቤ የያዛችሁ በቀኝ በኩል ወዳለው ጠረጴዛ ሂዱ፤ ገቢ ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ቅጂያችሁን ሳትቀበሉ እንዳትነሡ። ያልጻፋችሁ በግራ በኩል የሚጽፉላችሁ ልጆች ተቀምጠዋል፤ ለጽሑፉ ክፍያ የለም። መጀመሪያ ግን ከሩቅ የመጡት፣ መኪና እንዳያመልጣቸው።