ወሬያቸውን አቋርጠው ለምን ይዘፍናሉ? የድሮ ሙዚቃዊ የቤተሰብ ፊልሞች የማያረጁበት ምክንያት

[ምስል፦ ደብረ ማርቆስ፣ ማታ። አንድ ሳሎን። ሕፃናት ምንጣፍ ላይ፣ ትልልቆቹ ሶፋ ላይ። ቴሌቪዥን በርቷል።]

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የምናወራው ቤተሰብ ተሰብስቦ ስለሚያያቸው የድሮ ሙዚቃዊ ፊልሞች ነው። "ዘ ሳውንድ ኦፍ ሚውዚክ" እ.ኤ.አ. በ1965 ወጣ። "ሜሪ ፖፒንስ" በ1964። "ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ" ደግሞ በ1939። ያኔ በላይ ዘለቀ እዚሁ ጎጃም ውስጥ ጣሊያንን መግቢያ መውጫ እያሳጣ ነበር። ያን ያህል አሮጌ ፊልም ነው። ዛሬም ግን በፍላሽ ተጭኖ ከቤት ቤት ይዞራል።

እነዚህ ፊልሞች አንድ የተለመደ ቅሬታ አለባቸው። በተለይ ወንዶቹ ናቸው የሚያነሱት። "ሰውዬው ደህና ሲያወራ ቆይቶ ምን ነካውና ይዘፍናል?"

ጥያቄው ጥሩ ነው። ግን ጎጃም ላይ ሆኖ ይሄን መጠየቅ ትንሽ ያስቃል።

[ምስል፦ የጤፍ ማሳ፣ አጨዳ ላይ ያለ ደቦ።]

ኅዳር ላይ ቢቸና ወይም ደጀን አካባቢ ደቦ ላይ ተገኙ። መጀመሪያ ወሬ ነው። ስለ በሬ፣ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ፣ ስለ ሰው ሠርግ። ፀሐይዋ ከረር ስትል፣ ወገብም ሲዝል፣ አንዱ ያወርዳል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ማጭዱ ከዜማው ጋር መሄድ ይጀምራል። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ዱላውን ይዞ ብድግ ይልና ይፎክራል። "ምን ነካው?" የሚል የለም።

ለቅሶ ቤትም ያው ነው። መንገድ ላይ ስለ ገበያ ስታወራ የመጣች ሴት፣ ደጃፉ ላይ ስትደርስ ሐዘኗ በግጥም ይወጣል። ሙሾ አውራጇ ትቀበላታለች። በተራ ወሬ የማይወጣ ነገር ስለመጣ ነው።

የጥሩ ሙዚቃዊ ፊልም ሕግ ይኸው ነው። ሰውዬው ንግግር ሲያንሰው ይዘፍናል። ዘፈኑ ሲያልቅ ደግሞ ቅድም የነበረበት ቦታ ላይ አይገኝም። ወይ ወስኗል፣ ወይ ወዷል፣ ወይ ተስፋ ቆርጧል። እኔ እነዚህን ፊልሞች የምመዝነው እንዲህ ነው፦ ዘፈኑን ዝለሉት። ታሪኩ ከተበጠሰባችሁ ፊልሙ ጥሩ ነው። ምንም ካልጎደለባችሁ ዘፈኑ ማሞቂያ ነበር ማለት ነው።

[ምስል፦ ተራራ፣ አረንጓዴ መስክ።]

"ሳውንድ ኦፍ ሚውዚክ"ን ጠጋ ብለን እንየው። የልጆቹ አባት፣ ካፒቴኑ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው። ሰባት ልጆች አሉት። የሚጠራቸው በፊሽካ ነው። እሷ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ሙዚቃ የለም። ማሪያ ልጆቹን ልትጠብቅ ትመጣለች። ተራራ ላይ ታወጣቸዋለች። ልብሳቸው ከአሮጌ መጋረጃ የተሰፋ ነው። ዘፈን እንደማያውቁ ይነግሯታል። ጊታሯን ይዛ ከመጀመሪያው ድምፅ ትጀምራለች። ዶ፣ ሬ፣ ሚ።

አሁን ካሜራውን ተከተሉ። ዘፈኑ መስኩ ላይ ይጀምራል። ሳይቋረጥ ወደ ከተማ ይወርዳል። በእግር፣ በብስክሌት፣ በሠረገላ። ሲያልቅ አንድ የአትክልት ስፍራ ደረጃ ላይ ናቸው፣ ከድምፁ ጋር እየዘለሉ ይወጣሉ። ጥቂት ደቂቃ ነው። በታሪኩ ግን ብዙ ቀን አልፏል። ምንም የማያውቁት ልጆች ድምፅ ከፋፍለው ይዘፍናሉ። ይሄን በንግግር አሳይ ቢባል ዳይሬክተሩ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበት ነበር።

ይሄ እንዴት ይሠራል? ዘፈኑ አስቀድሞ ስቱዲዮ ውስጥ ተቀርጾ ያልቃል። ቀረጻው ቦታ ላይ በድምፅ ማጉያ ይከፈታል። ተዋናዩ ከንፈሩን ያስኬዳል። ዛሬ የእኛ ክሊፕ ሠሪዎች ጣና ዳር የሚያደርጉት ያንኑ ነው። ድምፁ አንድ ወጥ ስለሆነ፣ ሥዕሉ እንዳሻው ቦታ ቢቀያይር ጆሮ አይሰናከልም።

በነገራችን ላይ ካፒቴኑን የተጫወተው ክሪስቶፈር ፕላመር ሲዘፍን የምትሰሙት ድምፅ በአብዛኛው የሌላ ሰው ነው። ቢል ሊ የሚባል ዘፋኝ ነው። በ1964 "ማይ ፌር ሌዲ" ላይም የተዋናይቷን የኦድሪ ሄፕበርንን ዘፈኖች አብዛኞቹን የዘፈነችው ማርኒ ኒክሰን ናት። መድረክ ላይ የኦድሪን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችው ጁሊ አንድሩስ ነበረች። ለፊልሙ ግን ታለፈች። በዚያው ዓመት "ሜሪ ፖፒንስ"ን ሠራችና በምርጥ ተዋናይት ኦስካር ወሰደች። አሪፍ መልስ ነው።

[ምስል፦ ወደ ሳሎኑ መመለስ።]

አክስቴ ፍኖተ ሰላም ነው የምትኖረው። እንግሊዝኛ አትችልም። ካፒቴኑ ፊሽካውን ሲነፋ አብረዋት የሚያዩት ልጆች "ክፉ አባት ነው" አሉ። እሷ ቡናዋን እየቆላች "ክፉ አይደለም፣ ሐዘን ላይ ነው" አለቻቸው። ማንም አልነገራትም። በኋላ የካፒቴኑ ልጆች ሳሎናቸው ውስጥ ሲዘፍኑ እሱ ደጅ ሆኖ ይሰማቸዋል። ይገባና እሱም አብሯቸው ይዘፍናል። አክስቴ "ተመስገን፣ ወጣለት" አለች። ትርጉም ጽሑፍ አላስፈለጋትም።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ካፒቴኑ አብሮ የዘፈነው ዜማ አዲስ አይደለም። ፊልሙ ሲጀምር ማሪያ ተራራው ላይ ብቻዋን የዘፈነችው ነው። ያኔ የአንዲት ሴት ደስታ ነበር። አሁን አባትና ልጆች የታረቁበት ሆነ። ዜማው ተመልሶ ሲመጣ ትርጉሙ ይቀየራል። ለእኔ የእነዚህ ፊልሞች ትልቁ ጥበብ ይሄ ነው።

"ሜሪ ፖፒንስ" ላይ ደግሞ ይብሳል። አባትየው የባንክ ሰው ነው። ልክ በሰዓቱ ቤት ይገባል። ኮፍያና ዣንጥላውን ያስረክባል። ቤቱ እንዴት ሥርዓት እንደያዘ በኩራት ይዘፍናል። ሚስቱ ልጆቹ መጥፋታቸውን ልትነግረው ትሞክራለች፣ አይሰማትም። መዝፈኑን ቀጥሏል። እንስቃለን። ወደ መጨረሻው ላይ ባንኩ በሌሊት ይጠራዋል። ሊባረር እንደሆነ ገብቶታል። ያቺው ዜማ ትመለሳለች፣ ቀስ ብላ። አሁን የሕይወት ሕልሙ እንዴት እንደፈረሰ ይዘፍንባታል። ልጆች በዚህ ሰዓት ውኃ ሊጠጡ ይነሳሉ። አባቶች ዝም ይላሉ። ልጅ ሆናችሁ አይታችሁት ከሆነ፣ ወልዳችሁ እንደገና እዩት። በፊት የበራሪዋ ሞግዚት የሜሪ ፖፒንስ ፊልም ነበር። አሁን የአባትየው ነው።

"ለቤተሰብ" የሚባለው ነገር ትርጉሙ እዚህ ላይ ነው። ለልጅ ተብሎ የቀለለ ፊልም ማለት አይደለም። አያትም፣ አባትም፣ ልጅም የየራሳቸውን የሚያገኙበት ነው።

ታዲያ ዘፈን ካለ ፊልሙ ይወደዳል ማለት ነው? አይደለም። ሆሊውድም ተሳስቶበታል። "ሳውንድ ኦፍ ሚውዚክ" ገንዘብ ሲያዘንብ ስቱዲዮዎቹ በየተራ ትልልቅ ሙዚቃዊ ፊልም ማምረት ጀመሩ። "ዶክተር ዱሊትል" በ1967፣ "ስታር!" በ1968፣ "ሄሎ ዶሊ" በ1969። ከባድ በጀት ወጣባቸው፣ ኪሳራ አመጡ። "ስታር!" እኮ ዳይሬክተሩም ተዋናይቷም የ"ሳውንድ ኦፍ ሚውዚክ" ሰዎች ናቸው፣ ሮበርት ዋይዝና ጁሊ አንድሩስ።

[ምስል፦ ቡናማ ቀለም ያለው የገበሬ ግቢ።]

"ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ"ን አልረሳሁትም። ገና ሲጀምር ባለታሪኳ ልጅ ዶሮቲ ግቢው ውስጥ ሆና ከቀስተ ደመና ወዲያ ስላለ አገር ትዘፍናለች። ሥዕሉ ቡናማ ነው፣ ሌላ ቀለም የለውም። ፊልሙ ለሙከራ ታይቶ ሲያበቃ የስቱዲዮው ሰዎች ይሄን ዘፈን አውጥተውት ነበር። ፊልሙን ያዘገያል አሉ። ተከራክረው መለሱት። የዓመቱን ምርጥ ዘፈን ኦስካር የወሰደው እሱ ነው። ባያስገቡት ኖሮ ልጅቷ ምን እንደጎደላት አናውቅም ነበር። በኋላ በር ከፍታ ወደ ባለ ቀለሙ አገር ስትገባም ያን ያህል አንደነግጥም ነበር።

ዕድሜውን ያረዘመለት ደግሞ ቴሌቪዥን ነው። አሜሪካ ውስጥ በቴሌቪዥን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ1956 ነው። ከ1959 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት በየዓመቱ ማለት ይቻላል ይታይ ስለነበር እንደ በዓል ይጠበቅ ነበር።

እኛስ ከየቱ እንጀምር? ልጆቻችሁ ትንንሽ ከሆኑ ከ"ሜሪ ፖፒንስ"። "ሳውንድ ኦፍ ሚውዚክ" ሦስት ሰዓት ሊሞላ ስድስት ደቂቃ ነው የሚቀረው። እውነቱን ለመናገር ሁለተኛው አጋማሽ ላይ የፍቅሩ ክፍል ይጎተታል። ሁለት ማታ ላይ ከፍላችሁ እዩት። ዘፈኖቹ ሲመጡ የእንግሊዝኛው ቃል ባይገባቸውም ዝም በሏቸው፣ ዜማውን ይይዙታል። የለመዱት የእኛ ቅኝት አምስት ድምፅ ነው፣ ይሄኛው ሰባት። ግድ የላቸውም፣ በማግስቱ ግቢው በዶ ሬ ሚ ይናወጣል።

ኦዝን ወደ በኋላ አቆዩት። ክንፍ ያላቸው ዝንጀሮዎች ይመጣሉ። የጎጃም ልጅ ማሳ የሚገባ ዝንጀሮ ሲያባርር ነው ያደገው፣ የሚበር ግን አይቶ አያውቅም። እዚያ ቦታ ላይ ስትደርሱ የሳሎኑን መብራት አብሩላቸው። መብራት ካለ።